ስንቅና ትጥቅ በሁለት ጎማ ላይ

የቤተሰብ ዓምድ

ወታደር ስለ ሸክም ማንም እንዲያስተምረው አይሻም። ጥይቱን፣ ኮዳውን፣ ብርድ ልብሱንና የሁለት ቀን ስንቁን በትከሻው ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው የክብደትን ነገር የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ወገቡ ነው። ባለቤቱም ብትሆን እንዲሁ ናት፤ ዝውውር በታዘዘ ቁጥር ቤቷን ጠቅልላ፣ የሚያስፈልገውን ከማያስፈልገው ለይታ፣ የአንድ ቤተሰብ ኑሮ በጭነት መኪና ጥግ ማብቃቃትን ለምዳለች። ታዲያ ሁለቱም የሸክምን ጠባይ ይህን ያህል እያወቁ፣ በዕረፍት ቀን በብስክሌት ረጅም መንገድ ለመጓዝ ሲነሡ ብዙውን ጊዜ የሚቸገሩት በዚሁ በጓዝ ነገር ነው። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም፤ የእግረኛ ሸክም ሌላ፣ የብስክሌት ጭነት ሌላ ነውና።

ለጦሩ አባል የዕረፍት ቀን በቁጥር የሚታወቅ ነው። ይህንኑ ቀን ለብስክሌት ጉዞ አውሎት ማታ ጀርባው ተሰብሮ፣ ጉሮሮው ደርቆ፣ ከሰው ጋር ለመነጋገር እንኳ አቅም አጥቶ ቢመለስ፣ የከሰረው እርሱ ብቻ ሳይሆን ሲጠብቁት የዋሉት ቤተሰቦቹም ጭምር ናቸው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ለአንባብያን ልናስገነዝብ የምንወደው፣ የረጅም የብስክሌት ጉዞ ደስታ በአብዛኛው የሚወሰነው በመንገዱ ላይ ሳይሆን በዋዜማው ምሽት፣ ጓዙ ሲሰናዳ መሆኑን ነው።

ውድድር ሌላ፣ ጉዞ ሌላ

በአካባቢያችን የብስክሌት ስም የሚነሣው ከሁሉ አስቀድሞ በውድድር ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም አሰልፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የአስመራው ልጅ ቢንያም ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2024 በዚሁ ውድድር ሦስት ዙሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለብሷል። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው።

ይሁን እንጂ ተወዳዳሪው ምንም ጓዝ አይዝም። መለዋወጫ ጎማውን፣ ውሃውንና ምግቡን የሚያመላልሱለት መኪናዎች ከኋላው ይከተሉታል። ለመዝናናት የሚጓዝ ሰው ግን የራሱ ስንቅ ክፍል፣ የራሱ ጥገና ክፍል፣ የራሱም ሐኪም ነው። ስለዚህ አርአያ ሊሆነው የሚገባው እሽቅድድመኛው ሳይሆን ጭነት የለመደው ብስክሌተኛ ነው። በኡጋንዳ ገበሬዎች ትልልቅ የሙዝ ዘለላዎችን በብስክሌት ጭነው ገበያ ያወጣሉ። የእነርሱን አካሄድ ያስተዋለ ሰው ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛ፣ ጭነቱ ያለው በብስክሌቱ ላይ እንጂ በሰውየው ጀርባ ላይ አይደለም። ሁለተኛ፣ ዳገት ሲበረታ ወርደው ይገፋሉ፤ በዚህም የሚያፍር የለም።

ሃያ ወታደሮች ያለፉበት ፈተና

የጦር ሠራዊት ሰዎች ይህንን ነገር ከፈተኑት እነሆ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በጁን 14 ቀን 1897 በአሜሪካ አገር በሞንታና ግዛት ከሚገኘው ከፎርት ሚዙላ የጦር ሰፈር፣ የ25ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሃያ ጥቁር ወታደሮች በምክትል መቶ አለቃ ጄምስ ሞስ መሪነት በብስክሌት ጉዞ ጀመሩ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ጦር ውስጥ ጥቁሮች ተለይተው በራሳቸው ሬጅመንት፣ በነጭ መኮንኖች ሥር ያገለግሉ ነበር። አንድ ሐኪምና አንድ ወጣት ጋዜጠኛም አብረዋቸው ነበሩ። መድረሻቸው በሚዙሪ ግዛት ያለችው የሴንት ሉዊስ ከተማ ስትሆን፣ 3,050 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በ41 ቀን ፈጽመው ጁላይ 24 ቀን ገቡ። የዕረፍቱ ቀን ሳይቀነስ እንኳ በአማካይ በቀን ወደ 75 ኪሎ ሜትር መጓዛቸው ነው።

ጓዛቸውን ያሰናዱበት ዘዴ ዛሬም ትምህርት ይሰጣል። ብርድ ልብሱና ድንኳኑ ተጠቅልሎ ከፊት በመሪው ላይ ይታሰራል፤ በብስክሌቱ አካል መካከል ባለው ክፍት ቦታ ደግሞ ልክ የሆነ ሣጥን ይገባል። ብስክሌቱ ከነጭነቱ በአማካይ 27 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ምግቡን በሙሉ ተሸክመው አልተነሡም፤ በየ160 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ስንቅ አስቀድሞ እንዲቀመጥላቸው ተደርጎ ነበር። ጭቃው፣ ተራራውና ዝናቡ ቢያደክማቸውም ከሁሉ ይልቅ የጎዳቸው ውሃ ነበር። በነብራስካ አሸዋማ ምድር ብስክሌቱን በባቡር ሐዲድ ዳር እየገፉ ሲያልፉ፣ ጨዋማውንና መራራውን ውሃ ጠጥተው ብዙዎቹ ታመሙ።

ወደ ሰፈራቸው የተመለሱት በባቡር ነው። በተከታዩ ዓመት ከስፔን ጋር ጦርነት ተነሥቶ ሙከራው በዚያው ቀረ። ለእኛ የሚተርፈን ትምህርት ግን ሦስት ነው፤ ጭነት ለብስክሌቱ ይሰጥ፤ በመንገድ የሚገኝ ነገር ከቤት አይጫን፤ ውሃ ከሁሉ በፊት ይታሰብ።

ከበቅሎ ጭነት የምንማረው

አባቶቻችን በቅሎ ሲጭኑ የሚጠነቀቁት ለክብደቱ ብቻ አልነበረም። ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የእንስሳዋ ጀርባ ይገጠባል፤ መጫኛው ከላላ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ጓዙ ወደ አንገቷ ይንሸራተታል። ለብስክሌትም ሕጉ ያው ነው። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ግራና ቀኝ የሚንጠለጠሉ ሁለት እኩል ከረጢቶች በአንድ ትልቅ ቦርሳ ከመጓዝ እጅግ ይሻላሉ። ከብድ ያለው ዕቃ፣ ማለትም ውሃው፣ መፍቻውና ምግቡ፣ ከታች ይግባ፤ ቀለል ያለው ልብስ ከላይ ይሁን። በመሪው ላይ ከሁለት ወይም ከሦስት ኪሎ በላይ ማሰር ብስክሌቱን ለማዞር ያስቸግራል።

የጀርባ ቦርሳን በተመለከተ ወታደሩ ልማዱን እንዲተው እንመክራለን። በእግር ጉዞ ጊዜ ሸክሙ በእግርና በወገብ ላይ ያርፋል፤ በብስክሌት ላይ ግን ሰውየው ወደ ፊት ስለሚያጎነብስ ክብደቱ በትከሻው፣ በእጁ አንጓና በመቀመጫው ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያውን ሰዓት ላይሰማው ይችላል፤ በሦስተኛው ሰዓት ግን ዐይኑ መልክዐ ምድሩን ትቶ የኪሎ ሜትር ድንጋይ መቁጠር ይጀምራል።

ለአንድ ቀን ጉዞ ለአንድ ሰው ውሃውን ጨምሮ አምስት ወይም ስድስት ኪሎ ይበቃል። ለሚታደርበት ጉዞ ደግሞ ከአሥራ ሁለት ኪሎ ባያልፍ መልካም ነው። ዕቃው ታስሮ ሲያበቃ ብስክሌቱን በኮርቻው ይዞ ብድግ አድርጎ መነቅነቅ ይገባል፤ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ከተሰማ እንደገና ይታሰር። የገመድ ጫፍ ተንጠልጥሎ እንዳይቀርም ይታይ፤ ካቴናው ወይም የጎማው ሽቦ ከያዘው ይጥላልና።

ጭነት የያዘ ብስክሌት ቶሎ አይቆምም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬንን ያለማቋረጥ ይዞ መውረድ ቸርኬውን ያግላል፤ የፊቱን ፍሬን ብቻ በድንገት መያዝም ይገለብጣል። ሁለቱንም እየያዙና እየለቀቁ፣ ፍጥነቱ ሳይበረታ አስቀድሞ መግታት ይሻላል። ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ የሚወርድ ሰው 45 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በደስታ ይፈጽመዋል፤ ከ2,350 ሜትር ከፍታ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ እየወረደ ነውና። ሲመለስ ግን ያንኑ ከፍታ መልሶ ይወጣዋል፤ ያውም ደክሞት፣ ፀሐይም ከርራ። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ዳገቱ በማለዳ፣ ቁልቁለቱ በመመለሻ እንዲሆን መንገድ መምረጥ ብልህነት ነው።

በሶው ይያዝ፣ ጀበናው ይቅር

የስንቅን ነገር እመቤቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ለዘመናት መንገደኛን ያኖሩት ሳይበላሹ ስለሚቆዩና ክብደታቸው ከሚሰጡት ኃይል ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለሆነ ነው። በሶ በኮዳ ውሃ ተበጥብጦ ጥቂት ማር ወይም ስኳር ቢጨመርበት ለደከመ ብስክሌተኛ ፈጥኖ ይደርስለታል። ጭኮ በደጋ መንገድ ተስማሚ ነው፤ በቆላ ግን ቅቤው ቀልጦ ከረጢቱን ያበላሻል። ወጥ የነካው እንጀራም በሙቀት ስለሚሻግትና ስለሚያፈስ ለአጭር መንገድ ብቻ ይሁን። የተቀቀለ እንቁላል፣ ደረቅ ዳቦና ጨው የነካው ቆሎ ግን ሁልጊዜ አይጠፉ።

አመጋገቡም እንደ ቤት በአንድ ጊዜ ጠግቦ መነሣት ሳይሆን በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መቅመስ ነው። ውሃን ጥም እስኪይዝ መጠበቅ አይገባም፤ በደጋ በየሰዓቱ ግማሽ ሊትር ያህል፣ በቆላ ሙቀት ደግሞ እስከ አንድ ሊትር ይጠጣል። የወንዝም ሆነ የሐይቅ ውሃ ሳይፈላ አይጠጣ። ቡናን በተመለከተ፣ የዛፍ ጥላ ሥር ጀበና ጥዶ ማፍላት የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ሸክላ የጎማን መንገጫገጭ አይችልምና ጀበናው በቤት ይቅር። በፔርሙዝ የተያዘ ቡና ያንኑ ጥላ ያደምቃል።

የመንገድ ላይ ጎሚስታ

ከከተማ ወጥቶ ጎማ የተነፈሰበት ሰው ጎሚስታ ፍለጋ ብዙ ይገፋል። ፖምፓ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ፣ ልጣፊ ከነማስቲሹ፣ ጥቂት የአሸዋ ወረቀት፣ ካቻቢቴና ለብስክሌቱ ዳዶዎች ልክ የሆነ መፍቻ በአንድ ጨርቅ ተጠቅልለው ከመነሻው ይያዙ። የውስጡ ጎማ ወጥቶ ይነፋና ውሃ ውስጥ ሲነከር ወይም ወደ ጉንጭ ሲጠጋ ቀዳዳው ይታወቃል። ቦታው በአሸዋ ወረቀት ይፋቅ፤ ማስቲሽ ይቀባ፤ ማስቲሹ እስኪደርቅ ጥቂት ደቂቃ ተጠብቆ ልጣፊው ይጫን። ከዚህ በኋላ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ የውጪው ጎማ ውስጡ በጣት በጥንቃቄ ይዳሰስ። የግራር እሾኽ ተሰክቶ ከቀረ አዲሱ ልጣፊ ሳይውል ሳያድር ሁለተኛ ቀዳዳ ይመጣል። ይህ ሥራ መጀመሪያ የሚለመደው በግቢ ውስጥ፣ በሰላም ጊዜ ነው።

ባለቤትና ልጆች ሲጨመሩ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመለስ። ባለቤቱ ሌሊት ተነሥታ ስንቅ ስታሰናዳለት፣ በር ድረስ ሸኝታ የምትመለስበት ጉዞ ለእርሱ መዝናኛ፣ ለእርሷ ግን ተጨማሪ ሥራ ነው። የወታደር ሚስት ባሏን በር ላይ ቆማ መሸኘትን በግዳጁ ጊዜ አብዝታ ታውቀዋለች፤ በዕረፍቱ ቀን ሊደገምባት አይገባም። ብስክሌት ለወንድ ብቻ የተሠራ መሣሪያ አለመሆኑን በአደባባይ የሚወዳደሩ እኅቶቻችን አሳይተውናል።

የአቅም ልዩነትም ቢሆን መፍትሔ አለው፤ መፍትሔውም ያው ጓዙ ነው። ብርቱው አብዛኛውን ጭነት ቢይዝ ፍጥነታቸው ይቀራረባል፤ ባል ከሚስቱ ርቆ ሄዶ ከዛፍ ሥር እየጠበቀ ትዕግሥቱ አያልቅም፤ እርሷም የምትከተለው ጀርባ ብቻ አይሆንም። በቅፍለት እንደሚደረገው ሁሉ ፍጥነቱን የምትወስነው ቀስ የምትለዋ ናት፤ ስለዚህ እርሷ ከፊት፣ ጭነት የያዘው ከኋላ ይሁን። ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ሲወጡ ደግሞ አንዱ ፖምፓውን፣ ሌላው መፍቻውን፣ ሦስተኛው ምግቡን ይከፋፈል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉ ለዚህ ነው።

ለደኅንነት ሁለት ነገር እናሳስባለን። ነጠላ፣ ሻርፕና ሰፊ ቀሚስ ከጎማው ሽቦና ከካቴናው እንዳይጠመዱ ተሰብስበው ይታሰሩ። ሕፃን ከኋላ የሚቀመጥ ከሆነም የእግር መከለያ ያለው ወንበር ይኑረው፤ የሕፃን እግር በሚዞር ጎማ ውስጥ ሲገባ የሚደርሰው ጉዳት ከባድ ነውና። ለሁሉም የራስ ቁር መልበስ ይገባል።

ያልለመደ ቤተሰብ በመጀመሪያው እሑድ ከሃያ ኪሎ ሜትር አይለፍ፤ በሁለተኛው ሠላሳ፣ ከወር በኋላም ሃምሳ ሊደርስ ይችላል። ጭነት ይዞ ሜዳ ላይ በሰዓት አሥራ ሁለት ወይም አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር መሄድ በቂ ነው። የታረሰውን ማሳ፣ ከውሃ ዳር የቆመውን ወፍና የሚያልፉበትን መንደር አይቶ ለማለፍ የሚስማማውም ይኸው ፍጥነት ነው።

እንግዲህ በመጪው ቅዳሜ ማታ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ሆነው ሊይዙ ያሰቡትን ሁሉ በምንጣፍ ላይ ይዘርጉት። ግድ የሚያስፈልገውን በአንድ በኩል፣ “ምናልባት” የተባለውን በሌላ በኩል፣ የማያስፈልገውን በሦስተኛው ይለዩ። ከዚያም የመጀመሪያውን ብቻ ይጫኑና ሁለቱን በቤት ይተዉ። ለውሃና ለጥገና መሣሪያ ግን “ምናልባት” የሚባል የለም። ይህንን ምክር የሞከሩ ቤተሰቦች የተጓዙበትን መንገድና የያዙትን ስንቅ ጽፈው ቢልኩልን ለሌሎች እንዲጠቅም በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።

መልካም ጉዞ።