ዳገቱን ያልቆረጠ ቤት

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ አንዲት እናት ለራሳቸውና ለልጆቻቸው ቤት ሊሠሩ ተነሥተው የኤክስካቫተር ቀብድ ከፍለዋል። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ግንበኛ ግን ማሽኑ እንዳይገባ ለመኗቸው። «እትዬ፣ ይሄን አፈር አንዴ ከነካነው ክረምት በመጣ ቁጥር ሲጣላን ይኖራል።» ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው ይኸው ንግግር ነው።

አዲስ አበባ ከአቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ተነሥታ እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትደርሳለች። ሜዳው ሲያልቅ ቤት ሠሪው ዳገቱን ያዘ፤ የሜዳውን ፕላን ግን ይዞት ወጣ። 20 ሜትር የሚረዝም፣ በየ10 ሜትሩ 2 ሜትር የሚወርድ ቦታ ጫፍና ጫፉ በ4 ሜትር ይለያያል። ለጥ ይበል ከተባለ ላዩ 2 ሜትር ተቆርጦ ታቹ 2 ሜትር በገረጋንቲ ይሞላል፤ ከዚያ የግድ ደጋፊ ግንብ ይመጣል። የግንቡ ቁመት እጥፍ ሲሆን ደግሞ አፈሩ የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ያድጋል።

በዚያ ላይ ዝናቡ አለ። ከተማዋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። «አፈር ብቻውን ግንብ አይጥልም» ይላሉ ግንበኛው፤ «ውኃ ነው የሚያግዘው። ማስተንፈሻ ቱቦ ሳታስቀምጥ ከገነባህ የሠራኸው ግንብ አይደለም፣ ግድብ ነው። ግድብ ደግሞ እንደ ግድብ ካልተሠራ ይሄዳል።»

የኮንሶ ሰዎች ውኃ የሚያሳልፍ ግንብ ከ400 ዓመታት በላይ ሲሠሩ ኖረዋል። በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እርከናቸው ያለ ሲሚንቶ የተካበ ነው፤ አንዳንዱ እስከ 5 ሜትር ይቆማል። ድንጋዩና ድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተት ውኃውን ያሳልፋል፣ አፈሩን ያስቀራል። የላሊበላ ክብ የድንጋይ ቤቶችም ባለ ሁለት ደርብ ናቸው፤ ወደ ላይኛው ደርብ የሚወጣው በውጭ ደረጃ ነው። ግድግዳቸው ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ ስለሆነ ከሩቅ ለሚያያቸው ከዳገቱ አይለዩም። ዛሬ መስታወትና አሉሚኒየም የሚደረድር አርክቴክት ሁሉ ሄዶ ቢያያቸው መልካም ነው።

ለእናትየው የተነደፈው ቤትም ዳገቱን ለጥ አድርጎ አይቆርጥም። ርዝመቱ በዳገቱ አግድም ይሄዳል፤ ወደ ታች የሚወርደው 8 ሜትር ብቻ ነው። ያም ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወለል ከሌላው በ80 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም በአምስት ደረጃ ዝቅ ይላል። በየ10 ሜትሩ 2 ሜትር በሚወርድ ዳገት በዚህ ስሌት የትም ቦታ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ መቁረጥ አያስፈልግም። መንገዱ ከላይ ስለሆነ የእናትየው መኝታ ቤትና ማድ ቤቱ ከበሩ ጋር እኩል ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወደ እነዚህ ለመግባት ደረጃ አይወርዱም። ሳሎኑ ታች ነው፣ መስኮቱ ወደ ከተማው ይከፈታል። ቆርቆሮው ከዳገቱ ጋር ያዘነብላል፤ በቦታው ያለው የቆየ ወይራም አይነካም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ባለ አንድ ፎቅና ከዚያ በላይ የሆነን ቤት ከምድር ቤት በተለየ ምድብ አስቀምጧል። እንዲህ ወለሉ የተሰበረ ቤት በየትኛው ይመደብ? ጥያቄው የቀረበላቸው አንድ የፈቃድ ኃላፊ «በደብዳቤ ጠይቁ» አሉ። ደብዳቤው ገባ፤ መልስ አልመጣም።

የሚያሳስበው ግን ታች ያለው ጎረቤት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ያ የገጠር ተራራ ነው፤ በከተማው ዳገት ላይም ቢሆን አፈሩን የሚያላቅቀው ያው ውኃ ነው። ከአዲሱ ቤት ጀርባ የሚቆፈረው ቦይ ጎርፉን በግራና በቀኝ ያሳልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀበለው ዲች ግን በሰፈሩ የለም። ወረዳው የሚያየው የእያንዳንዱን ቤት ፕላን ለብቻው ነው፤ ዲቹን ከፈቃዱ በፊት ማሰብ የእሱ ሥራ ነበር። አሁን የታችኞቹ ጎረቤቶች ከሰኔ በፊት አዋጥተው ሊያስቆፍሩት እየተነጋገሩ ነው፤ ግንበኛውም መስመሩን በካስማ ምልክት አድርገውላቸዋል።