ከችሎት በኋላ የሚመጣ ፊርማ

የኢትዮጵያን ፕሬዚዳንት ለመምረጥ ካርድ ያወጣ፣ ሌሊት ተነሥቶ ምርጫ ጣቢያ ደጃፍ የተሰለፈ ሰው የለም። ነገሩ አራት ኪሎ፣ ፓርላማ ውስጥ፣ በአንድ ቀን ስብሰባ ተጀምሮ ያልቃል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዕጩ ያቀርባል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይጨመርና በጋራ ስብሰባው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያገኘው ሰው ርዕሰ ብሔር ይሆናል። የሥራ ዘመኑ ስድስት ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይ መመረጥ የለም፤ ተመራጩ የምክር ቤት አባል ከነበረ ወንበሩን ይለቃል።

ቀኑም የታወቀ ነው። ምክር ቤቶቹ የዓመቱን ሥራ የሚከፍቱት በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ስለሆነ ርክክቡም ከዚያች ሰኞ ጋር ይገጥማል። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ሪፐብሊኩ ሲመሠረት በነሐሴ 1987 ከተመረጡ በኋላ፣ አቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ መስከረም 28 ቀን 1994፣ ዶክተር ሙላቱ ተሾመ መስከረም 27 ቀን 2006፣ አምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴ መስከረም 27 ቀን 2017 ተሰየሙ፤ ሦስቱም ሰኞ። ሐሙስ የደረሳቸው አምባሳደር ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ናቸው። ዶክተር ሙላቱ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀራቸው ሥራውን ስለለቀቁ፣ እሳቸው ጥቅምት 15 ቀን 2011 ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። የተሰናበቱት ግን በመስከረሟ ሰኞ ነው፤ ስድስት ዓመታቸው ሊሞላ 18 ቀን ሲቀረው። ከመሰናበታቸው ጥቂት ቀደም ብለው በማኅበራዊ ገጻቸው የማሕሙድ አህመድን ዘፈን አስታውሰው ስለ ዝምታ መጻፋቸው ብዙ አነጋግሯል።

ፓርላማው አምስት ዓመት፣ ፕሬዚዳንቱ ስድስት ዓመት መሆኑ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። መንግሥት በምርጫ ቢወድቅ እንኳ የአገር ራስ የሆነው ሰው አብሮ እንዳይወድቅ ነው። ሁለት ሦስተኛ የተባለውም አንድ ፓርቲ ብቻውን እንዳይሾም ይመስላል። እኛ ዘንድ ግን ገዢው ወገን ወንበሩን ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ ስለሚይዘው ይህ ቁጥር ማንንም አስጨንቆ አያውቅም።

ባልካን ውስጥ ግን አስጨንቆ ያውቃል። ግሪክም ፕሬዚዳንቷን የምትመርጠው በፓርላማ ነው፤ 300 መቀመጫ ካለው ምክር ቤት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች 200፣ በሦስተኛው 180 ድምፅ ይጠየቅ ነበር። ሦስቱም ዙር ካልተሳካ ፓርላማው ይበተን ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ዕጩው ከ168 ድምፅ በላይ ማግኘት አልቻሉም፤ ፓርላማው ተበተነ፤ በቀጣዩ ወር በተደረገው ምርጫ ሲሪዛ የተባለው ግራ ዘመም ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። ብዙ ሥልጣን የሌለውን ሰው መምረጥ አቅቷቸው ዋናው መንግሥት ወደቀ ማለት ነው። ግሪኮች ይህን ሕግ ያሻሻሉት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

እኛ አገር የመሪ ለውጥ የሚመጣው በሌላ በር ነው። አቶ መለስ ዜናዊ በሽግግሩ ዘመን ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲሰጥ እሳቸውም ወደዚያው ወንበር ተዛወሩ። አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በየካቲት 2010 ሥልጣን መልቀቃቸውን ሲያስታውቁና ዶክተር ዐቢይ አህመድ በመጋቢት ሲተኩ፣ ዶክተር ሙላቱ ቤተ መንግሥታቸው ውስጥ እንደነበሩ ነበሩ። ፕሬዚዳንት ከፓርቲው ጋር ሲጣላ ምን እንደሚሆን ያዩት ዶክተር ነጋሶ ናቸው። በ1993ቱ የገዢው ፓርቲ ክፍፍል ከድርጅታቸው ተለዩ፤ ዘመናቸውን ጨርሰው ወጡ፤ ወዲያው የወጣው አዋጅ ቁጥር 255/1994 የቀድሞ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ ርቆ እንዲኖር አዘዘ። በ1997 ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው ፓርላማ ሲገቡ ጥቅማ ጥቅማቸው ተነሣ።

ታዲያ ፕሬዚዳንቱ አምባሳደር ከመቀበልና ሜዳልያ ከመስጠት ያለፈ ምን ሥራ አላቸው? ለአዋጅ የሚሰጡት ፊርማ እንኳ ማገድ አይችልም፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ሕጉ ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል። እኔ መልሱን የምፈልገው ከልደታ ነው። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃና የከፍተኛ ፍርድ ቤት ችሎቶች እዚህ አሉ። ባቡሩ ባለጉዳይ ያራግፋል፤ ከግቢው ውጪ ማመልከቻ ጻፊውና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ፤ ነጠላ ያጣፉ እናቶች የቀጠሮ ወረቀት ይዘው ይቆማሉ። ይግባኝ ተሟጥጦ ሰበር ካለቀ በኋላ ለታራሚው የሚቀረው አንድ ወረቀት ነው፦ የይቅርታ ጥያቄ።

ጥያቄውን ታራሚው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዱ ወይም ጠበቃው ማቅረብ ይችላል። የይቅርታ ቦርድ መርምሮ የውሳኔ ሐሳቡን ለፕሬዚዳንቱ ይልካል፤ በአዋጅ ቁጥር 840/2006 የተደነገገው መንገድ ይኸው ነው። የሞት ፍርድም ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቁት አይፈጸምም።

የዚህን ብዕር ክብደት ለማየት የ1999ን ክረምት ማስታወስ ይበቃል። ሐምሌ 9 ቀን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቅንጅት በተባለው ተቃዋሚ ፓርቲ መሪዎች ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ፤ ሐምሌ 13 ቀን በፕሬዚዳንት ግርማ ይቅርታ ተፈቱ። በዚያው ክረምት የደኅንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረ መድኅንን በመግደል የተፈረደበት መኮንን የሞት ቅጣት ተፈጸመ፤ ያጸደቁትም እሳቸው ናቸው።

የተሰጠ ይቅርታ ይሰረዛልም። ከቅንጅት መሪዎች ጋር የተፈቱት የቀድሞዋ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በታኅሣሥ 2001 ይቅርታቸው ተነሥቶ ተመልሰው ታሰሩ፤ የወጡት በመስከረም 2003 ነው። በኅዳር 2011 ፓርላማው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሾማቸው።

ፕሬዚዳንቱ ይቅር ሊሉት የማይችሉትም ወንጀል አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ ለተፈጸመ ወንጀል ይቅርታና ምሕረት ይከለክላል፤ አንዲት ጠባብ በር ግን ይተዋል፤ ርዕሰ ብሔሩ የሞቱን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት መለወጥ ይችላሉ። በግንቦት 2003 የ23 የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ፍርድ የተለወጠው በዚችው በር ነው። የሃይማኖት አባቶች ሲለምኑ ቆይተው ነበር። ከእነዚህ መካከል ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስና ፍሥሐ ደስታን ጨምሮ በርካቶቹ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ በአመክሮ ወጡ።

ሞት የተፈረደባቸው ሌሎች ሁለት የደርግ ባለሥልጣናት ግን ከወህኒ ቤት ውጪ፣ የጣሊያን ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ብርሃኑ ባየህና አዲስ ተድላ በግንቦት 1983፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከወጡ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ከነበሩት ከተስፋዬ ገብረ ኪዳን ጋር እዚያ ተጠጉ። ተስፋዬ እዚያው ግቢ ውስጥ ሞቱ። የሁለቱን የሞት ፍርድ በታኅሣሥ 2013 ፕሬዚዳንት ሣህለ ወርቅ ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡት፤ ከዚያም የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አመክሮ ፈቀደላቸው። ከኤምባሲው ግቢ ሲወጡ 29 ዓመት አልፏቸው ነበር።