ጣቱ ድኗል፣ ማሲንቆው ግን እምቢ ብሏል

በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። የሽንኩርት ቢላዋ ጣት መቁረጡ፣ የምጣድ እንፋሎት እጅ መለብለቡ በየቤቱ ያለ ነገር ነው። በጨርቅ ይታሰርና ይረሳል። ይሁን እንጂ እኛ በኤይን ሀትኽሌትና በሌሎች የናታንያ ሰፈሮች ከቤተሰቦች ጋር ስንሠራ፣ በዚህ «ትንሽ» በተባለ ጉዳት ምክንያት ማሲንቆና ክራራቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው የቀሩ ሰዎች አጋጥመውናል። ቁስሉ ከደረቀ ቆይቷል። ጣቱም በቦታው አለ፤ ሳህን ያጥባል፣ ሻንጣ ያነሳል፣ የልጅ ልጅ ያቅፋል። ዜማ ግን አያወጣም።

ከእኛ ሙዚቀኞች ብዙዎቹ በሙዚቃ ብቻ አይተዳደሩም። ማታ ሠርግ ላይ የሚጫወተው ሰው ቀን ቀን በሆቴል፣ በሠርግ አዳራሽ ወይም በአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ይሠራል። ናታንያ የባሕር ዳር ከተማ እንደመሆኗ ሆቴልና አዳራሽ አላት፤ ቋንቋ ሳይጠይቁ በቶሎ የሚቀጥሩትም ወጥ ቤቶቹ ናቸው። ስለዚህ ደጋን የሚይዘው እጅና የቀዘቀዘ ሥጋ የሚከትፈው እጅ አንድ ናቸው።

አንድ አባት አሉ። ስማቸውን እንዳንጠራ ስለጠየቁን አንጠራም። ማሲንቆ የተማሩት ጎንደር ውስጥ ከአጎታቸው ነው። እዚህ አገር ከገቡ በኋላ በአንድ የድግስ ወጥ ቤት ተቀጠሩ። አንድ ቀን ትልቅ የወይራ ቆርቆሮ ሲከፍቱ የክዳኑ ጠርዝ የግራ እጃቸውን የቀለበት ጣት ከውስጥ በኩል ቆረጠው። የሥራ ኃላፊው ፕላስተር ሰጥቷቸው ቀጥሉ አላቸው፤ እሳቸውም ቀጠሉ። ማታ ቤታቸው ቡና ነስንሰው አሰሩት። ከቀናት በኋላ ወደ ሐኪም ቢሄዱም ቁስሉ እየገጠመ ነበርና የቴታኖስ መርፌ ተወግተው ተመለሱ። በአራተኛው ሳምንት ሠርግ ላይ ማሲንቆውን ሲያነሱ የጣቱ ጫፍ አልታጠፍም አለ።

ወደ እኛ የመጡት ስለ ጣታቸው አልነበረም፤ ለአርኖና ቅናሽ ነው። ቅጹን ስንሞላ ፊርማ ሲፈርሙ ወረቀቱን የያዘችው የግራ እጃቸው ላይ አንድ ጣት ቀጥ ብሎ ቀረ።

«አባባ፣ ጣትዎ ምን ሆኖ ነው?»

«ተዉት ልጆቼ፣ ድኗል። ማሲንቆው ብቻ ነው እምቢ ያለኝ።»

ለሐኪሙ ሙዚቀኛ መሆናቸውን ነግረው እንደሆነ ጠየቅናቸው። «ምን ትሠራለህ ሲለኝ ሚትባኽ አልኩት። ጨዋታ እኮ ሥራ አይደለም» አሉን። በሐኪሙ መዝገብም የተጻፈው ይኸው ነው፤ የወጥ ቤት ሠራተኛ። ለወጥ ቤት ሠራተኛ ደግሞ የአንድ ጣት ጫፍ አለመታጠፍ ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም።

በአገራችን አዝማሪ ሠርጉን የሚያደምቅ፣ ሰውንም የሚያስቅና የሚያስለቅስ ቢሆንም በክብር አይታይም ነበር። ብዙ አባቶች ጨዋታቸውን እንደ ሙያ ለመጥራት ዛሬም የሚያፍሩት ከዚያ የመጣ ይመስለናል። እዚህ አገር ግን ይህ ዝምታ ዋጋ ያስከፍላል። ሐኪም የሚያክመው ያልተነገረውን ጥበብ አይደለም፤ የተነገረውን ሥራ ነው።

አንድ ጣት ለምን ይህን ያህል እንደሚያጎድል ለማየት መሣሪያዎቹን መመልከት ይበቃል። የማሲንቆ ክር ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ነው። ተጫዋቹ ክሩን እንደ ጊታር ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ የግራ እጁን ጣቶች በክሩ ላይ እያሳረፈ ድምፁን ይለዋውጣል። ጣቱ የት ላይ ማረፍ እንዳለበት የሚያሳይ ምልክት የለም። የሚያውቀው የጣቱ ጫፍና ጆሮው ነው። ስለዚህ ጅማቱ ደህና ሆኖ ነርቩ ብቻ ቢቆረጥ እንኳ፣ የደነዘዘ ጣት ክሩን መንካት አለመንካቱን አያውቅምና ድምፁ ይስታል። በክራር ደግሞ በብዙ ተጫዋቾች ዘንድ እያንዳንዱ የግራ እጅ ጣት የራሱ ክር አለው። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ አንድ ጣት ሲጠፋ ከአምስቱ አንዱ ይጠፋል ማለት ነው። ክሮቹ በመግረፊያ አንድ ላይ ሲመቱ ችግሩ ይገለበጣል፤ ያ ጣት አፍኖ ዝም ማሰኘት የነበረበት ክር ያለቦታው ይጮሃል። ዋሽንት ለሚነፋም ቢሆን በጣት ጫፍ ላይ የቀረ ጠባሳ ቀዳዳውን በደንብ አይደፍንምና ትንፋሹ ያመልጣል።

ታዲያ ቁስሉ ትንሽ ሲሆን ውስጡ ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ከአውራ ጣት በስተቀር እያንዳንዱን ጣት የሚያጥፉ ሁለት ጅማቶች አሉ። አንደኛው የመካከለኛውን አንጓ ያጥፋል፤ ሌላው እስከ ጣት ጫፍ ይደርሳል። ደሙ ከቆመ በኋላ የተጎዳውን ጣት መካከል በሌላኛው እጅ ይዛችሁ ጫፉን ብቻ ለማጠፍ ሞክሩ። ካልታጠፈ፣ ቁስሉ የምስማር ጭረት ቢያክል እንኳ ጅማቱ ተቆርጦ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ወደ ሚዩን ሂዱ። ቀጥሎ የጣቱን ግራና ቀኝ ጎን በጥጥ ንኩ። በእያንዳንዱ ጎን አንድ ነርቭ ያልፋል፤ አንዱ ጎን ከደነዘዘ እሱንም ለሐኪሙ ንገሩ። የተቆረጠ ጅማት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢሰፋ ይመረጣል። ሳምንታት ካለፉ ጫፎቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ ጠባሳም ይይዛቸዋል፤ ያን ጊዜ ከሌላ ቦታ ጅማት ወስዶ መተካት ሊያስፈልግ ይችላል። ከላይ የጠቀስናቸው አባት የተነገራቸው ይህንኑ ነው። በዕድሜያቸው ሁለት ጊዜ ቢላዋ ስር መግባት አልፈልግም ብለው ተዉት፤ ውሳኔያቸውን እናከብራለን።

ስለ ቡናው አንድ ነገር እንበል። ቡና፣ ጭቃ፣ ሊጥ ወይም ቅቤ ቁስል ላይ ማድረግ ከእናቶቻችን የወረስነው ነው፤ በሐኪም እጦት ዘመን የነበረውን እንንቃለን ማለት አይደለም። ዛሬ ግን ሐኪሙ ቅርብ ነው፤ የተነሰነሰው ቡና ደግሞ ቁስሉን ከማቆሸሹም በላይ ሐኪሙ ውስጡን እንዳያይ ይጋርድበታል። በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ እጅን ከልብ በላይ ከፍ ማድረግ ይበቃል። የምጣድ ወይም የዘይት ቃጠሎ ከሆነ ሃያ ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ስር መያዝ፣ ቀለበት ካለ እጅ ሳያብጥ ማውለቅ ነው። የጣት ጫፍ ተቆርጦ ከወደቀ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በላስቲክ ከረጢት አሽጉት፤ ከረጢቱን በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ አስቀምጡት እንጂ ሥጋው በረዶ እንዳይነካ። ከዚያ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም፣ 101 ደውሉ።

አሁን ደግሞ ሌላ ታሪክ እንንገራችሁ። አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ጊታር የምትማር፣ ዓርብ ከሰዓት ሰንበት ሳይገባ እናቷን እየረዳች አቮካዶ ትቆርጥ ነበር። ፍሬውን በግራ መዳፏ ይዛ ዘሩን በቢላዋ ጫፍ ስትወጋ ቢላዋው አንሸራቶ የሌባ ጣቷ ሥር ገባ። (አቮካዶ በሚወደድበት አገር ሐኪሞች ይህን ጉዳት በደንብ ያውቁታል። በእጅ መዳፍ ላይ ይዞ መውጋት መተው ነው፤ በሰሌዳ ላይ ይቆረጥ፣ ዘሩም በማንኪያ ይውጣ።) እናትየው ዕብራይስጥ ብዙም አይችሉም። ሚዩን ውስጥ ግን ለገባው ሐኪም ሁሉ ሁለት ቃል ይደጋግሙ ነበር፤ «ሂ መናጌኔት!» እሷ ተጫዋች ናት ማለታቸው ነው።

ልጅቷ በእናቷ ጩኸት አፍራ ነበር። ሆኖም ሐኪሙ መስፋቱን አቁሞ የትኛው እጅ ክሩን እንደሚጫን ጠየቃት፤ ጣቷን እንደገና ሲመረምር አንዱ ጎን መደንዘዙን አገኘ። ወደ እጅ ቀዶ ሐኪም ተላከችና ነርቩ ተሰፋ። ከዚያ ወደ ሪፑይ በኢሱክ፣ ማለትም እጅን ወደ ሥራው ወደሚመልሱ ባለሙያዎች ሄደች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባለሙያዋ ጊታሩን ይዘሽ ነይ አለቻት። የተሰፋ ነርቭ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚያድግ ስሜቱ ቶሎ አልተመለሰም፤ ትምህርት ቤቱ ግን የሐኪም ወረቀት አይቶ የመድረክ ፈተናዋን አዘገየላት።

ከዚህ የምንረዳው መሣሪያውን ራሱን ወደ ሕክምናው ይዞ መሄድ እንደሚቻል ነው። ማሲንቆ አይታ የማታውቅ ባለሙያ ጣቱ ምን ማድረግ እንዳለበት በቃል ብትነግሯት አይገባትም። ይዛችሁ ሂዱ፣ አሳዩአት። ጅማት ከተሰፋ በኋላ መደገፊያው ለስድስት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ሙሉ ኃይል የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሕመሙ ጠፋ ብሎ በመካከሉ ሠርግ ላይ መውጣት የተሰፋውን ሊበጥሰው ይችላል። በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብቶች ሕግ ማብራሪያ የማግኘትና ሁለተኛ ሐኪም የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋልና ያልገባችሁን ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

በሌላው ዓለም ጣታቸው ተጎድቶ የተጫወቱ አሉ። ጃንጎ ራይንሃርት የተባለው ጊታሪስት በ1928 የሚኖርበት የጋሪ ቤት ተቃጥሎ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተበላሹ፤ በቀሩት ሁለት ጣቶች አዲስ አጨዋወት ፈጠረ። ቶኒ አዮሚ የተባለው እንግሊዛዊ ደግሞ በ1965 በበርሚንግሃም የቆርቆሮ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሥራውን ሊለቅ በነበረበት በመጨረሻው ቀን፣ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆረጠበት። የፋብሪካው ኃላፊ የጃንጎን ሸክላ አሰማው፤ እሱም ከቀለጠ ፕላስቲክ የጣት ቆብ ሠርቶ ወደ ጊታሩ ተመለሰ። ታሪኩ ያበረታታል። ይሁንና ጎበዝ ሰው ያለጣትም ይጫወታል ብሎ ሰውን ለማጽናናት ሲነገር አንወድም። እነዚህ ሰዎች ስማቸው የቀረው ጥቂቶች ስለሆኑ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በሥራ ላይ ከተጎዳችሁ ለአሠሪው በዚያው ቀን ንገሩት፤ ሕክምናው በሥራ አደጋ እንዲመዘገብ ቅጽ 250 ይስጣችሁ። ከዚያ ቅጽ 211 ተሞልቶ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ለቢቱዋኽ ሌኡሚ ይገባል። መሥራት ለማትችሉበት ጊዜ፣ እስከ 91 ቀን ድረስ፣ ከደመወዛችሁ 75 በመቶ ይከፈላል። ቋሚ ጉዳት ከቀረ የሕክምና ኮሚቴ ይመዝነዋል፤ ከ9 በመቶ ጀምሮ የአንድ ጊዜ ክፍያ፣ ከ20 በመቶ ጀምሮ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያ አለ። ጉዳቱ ወደ ሥራችሁ እንዳትመለሱ ካደረገ ኮሚቴው መቶኛውን እስከ ግማሹ ሊጨምርበት የሚችል ደንብ አለ፤ ደንብ 15 ይባላል። ችግሩ ኮሚቴው ሥራ ብሎ የሚያየው ወረቀት ላይ ያለውን መሆኑ ነው። በየሠርጉ በእጅ በእጅ እየተከፈለው የሚጫወት ሰው በሕጉ ዓይን ሙዚቀኛ አይደለም። ከጉዳቱ በፊት በቢቱዋኽ ሌኡሚ ራሱን የቻለ ሠራተኛ ሆኖ የተመዘገበ ብቻ ነው በሙዚቃ ሥራው ላይ ለሚደርስበት አደጋ ሽፋን የሚያገኘው። ታክስ ያስከፍለኛል ብላችሁ የምትሸሹ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ሒሳቡን ከመሸሻችሁ በፊት ከሚያውቅ ሰው ጋር ሥሩት።

በቤታችሁ ወጥ ቤት ከተጎዳችሁም ባዶ እጃችሁን አትቀሩም። ተቀጣሪ የሕመም ፈቃዱን ይጠቀማል። የሕመም ፈቃድ ክፍያ የማያገኝ ሰው ደግሞ ለቢቱዋኽ ሌኡሚ የአደጋ ክፍያ ማመልከት ይችላል፤ ለዚህ ግን አደጋው በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ በሐኪም መታየትና በ90 ቀን ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል። ጣታችሁን አስራችሁ ሳምንት ከጠበቃችሁ ይህ በር ይዘጋል።

ቅጹን መሙላት የሚያስቸግራችሁ ወደ እኛ ስትመጡ የሚዩን መልቀቂያ ወረቀታችሁን፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ትሉሾችና ጉዳቱን ያየ ሰው ካለ ስሙን ያዙ። የተጫወታችሁበት ሠርግ ቪዲዮ ካላችሁም አምጡ፤ ለኮሚቴው ባይጠቅም ለእጅ ሐኪሙ እናሳየዋለን።