ሳተላይት የሚያየው ውርጭና የማያየው



በኩታበርና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች ውርጭ በአንድ ሌሊት የአንድን ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ሊያጠፋ ይችላል። ጉዳት ደርሶ ድጋፍ ሲጠየቅ «በዚያ ሌሊት ብርዱ ምን ያህል ነበረ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የሜትሮሎጂ ጣቢያ በአቅራቢያው በሌለበት ቀበሌ መልሱ ከሳተላይት ሊፈለግ ይችላል። ስለዚህ ሳተላይት ሙቀትን እንዴት እንደሚለካና ምን እንደሚያመልጠው ማወቅ ይገባናል።

ማንኛውም አካል እንደ ሙቀቱ መጠን ኢንፍራሬድ የተባለ፣ በዓይን የማይታይ ጨረር ያወጣል። የጋለ ምጣድ ሳንነካው በእጃችን የሚሰማን በዚህ ጨረር ነው። ሳተላይትም 700 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይህንኑ ጨረር በመለካት ሙቀቱን ያሰላል። የሚለካው ግን የአፈሩን፣ የቅጠሉን ወይም የበረዶውን ገጽ እንጂ አየሩን አይደለም። የጣቢያ ቴርሞሜትር በአንጻሩ ከመሬት 2 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በጥላ ሥር የአየሩን ሙቀት ያነባል። ሰማዩ በጠራበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ምድር ሙቀቷን ወደ ላይ ስለምትለቅ ገጿ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ስለሆነም ቴርሞሜትሩ 3 ዲግሪ እያነበበ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ሊያድር ይችላል።

ይህ ልዩነት በአንታርክቲካ የበረዶ ምድር ጎልቶ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1983 በቮስቶክ ጣቢያ የተነበበው የአየር ሙቀት ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የሳተላይት ጥናት ግን የበረዶው ገጽ ከዜሮ በታች እስከ 98 ዲግሪ ገደማ እንደሚወርድ አሳየ። ይህ ብርድ የተገኘው ቀዝቃዛ አየር በሚጠራቀምባቸው ጎድጓዳ ስፍራዎች ነው። የእኛም ገበሬ ረባዳው ማሳ ከተዳፋቱ ቀድሞ በውርጭ እንደሚመታ ያውቃል። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ እንደ ውኃ ወደ ታች ይወርዳል።

ችግሩ ሳተላይቱ ረባዳውን ለይቶ አለማየቱ ነው። በቴራና በአኳ ሳተላይቶች ላይ ያለው ሞዲስ የተባለ መሣሪያ የሙቀት ካርታው አንድ ነጥብ 1 ኪሎ ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 100 ሄክታር ነው። ጋራውና ረባዳው ተደባልቀው አንድ አማካይ ቁጥር ይሆናሉ። አኳ ለብዙ ዓመታት በሌሊት ሲያልፍ የቆየው በ7 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ብርዱ የሚበረታው ግን ሊነጋ ሲል ነው። ላንድሳት 8 እስከ 100 ሜትር ለይቶ ቢለካም በአንድ ስፍራ ላይ የሚመለሰው በ16 ቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም በአብዛኛው በቀን ነው። ደመናም ሁሉንም ይጋርዳቸዋል።

እንግዲህ የሳተላይቱ ቁጥር «ውርጭ አልነበረም» ቢል እንኳ በረባዳው ያለ ማሳ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ይህን ክፍተት መሙላት የሚችለው በስፍራው የሚገኝ ሰው ነው፤ ካህናትና ዲያቆናት ደግሞ ለኪዳን ሲነሡ ብርዱ በሚበረታበት ሰዓት ነቅተው ይገኛሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት ይዞ የሚያቆይ አንድ ቴርሞሜትር በረባዳ ማሳ ዳር ቢያኖር፣ በየማለዳውም ቀኑን፣ የተነበበውን ዲግሪ፣ አመዳይ መታየት አለመታየቱን፣ የተጎዳውን ሰብልና የማሳውን ስፍራ በአንድ መዝገብ ቢያሰፍር መልካም ነው። ሰበካ ጉባኤው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አቤት በሚልበት ጊዜ ይህ መዝገብ ከሳተላይቱ ቁጥር ጎን የሚቆም ማስረጃ ይሆነዋል።