የጨጓራ ነቀርሳና የደም ቆጠራ

በአገራችን ሆዱን የሚያቃጥለው ሰው «ጨጓራዬ ነው» ብሎ ብዙ ጊዜ ይታገሣል። ከዚህ ሕመም ጥቂቱ ግን ነቀርሳ ሆኖ ይገኛል። በሽታው ከታወቀ በኋላ የሕመምተኛው ተስፋ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት የሚረዳ፥ ዋጋውም ያልከበደ መንገድ ስላለ እርሱን በአጭሩ እንገልጻለን።

ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ በ1863 እ.ኤ.አ. በነቀርሳ እብጠት ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት መኖራቸውን አስተውሎ፥ ነቀርሳ ከብግነት ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ገምቶ ነበር። በጨጓራ ረገድ ግምቱ ተረጋግጧል፤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ጨጓራን ለብዙ ዓመታት እያስቆጣ ለነቀርሳ ያጋልጣልና።

ይኸው ብግነት በደም ላይ ይታያል። ኒውትሮፊል የተባሉት ሕዋሳት ይበዛሉ፤ የሚለቁትም ነገር ነቀርሳው እንዲዛመት ያግዛል። ነቀርሳን የሚዋጉት ሊምፎሳይቶች ግን ያንሳሉ። እንግዲህ የፊተኞቹን ቍጥር ለኋለኞቹ ማካፈል ነው። ከመቶ ነጭ ሕዋሳት 60ው ኒውትሮፊል፥ 30ው ሊምፎሳይት ቢሆኑ ውጤቱ 2 ነው፤ 80 እና 10 ቢሆኑ 8 ይሆናል። ከሕክምና በፊት ውጤቱ ከፍ ያለ ሕመምተኛ በአማካይ ዕድሜው እንደሚያጥር ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ሲበዛና አልቡሚን ሲቀንስም ምልክቱ እንዲሁ መልካም አይደለም።

ከነዚህ ጥናቶች ብዙዎቹ የተደረጉት በምሥራቅ እስያ ነው። «ከፍተኛ» የሚባለውም ወሰን ከጥናት ጥናት ይለያያል። ስለዚህ ወሰኑን እንዳለ ወደ ሐሙሲትና ወደ ፎገራ ሜዳ ማምጣት አይገባም። ርብና ጉማራ በሚያጥለቀልቁት በዚህ አገር ወባ አለ፤ ወባም ራሷ ሊምፎሳይትን ትቀንሳለች። በሌላ በኩል ጤነኛ ሆነው ሳሉ ኒውትሮፊላቸው በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ኢትዮጵያውያን አሉ። እንግዲህ በተዋሰነው ወሰን ብንፈርድ፥ ወባ የያዘውን ያለ አግባብ ተስፋ እናስቈርጠዋለን፤ በእውነት የከፋበትን ደግሞ ደኅና ነው እንላለን።

በእኛ አስተያየት፥ ወባና ሌላው ተላላፊ በሽታ አስቀድሞ ይታከም፤ ደሙም እንደገና ይቈጠር፤ ወሰኑም በአገራችን ሕመምተኞች ላይ ይጠና። ቍጥሩ ነቀርሳን አይለይም፤ ይህ የኢንዶስኮፒና የናሙና ምርመራ ሥራ ነው። ሕክምና ለመከልከልም ምክንያት አይሆንም። ያለ ምክንያት የሚከሳ፥ መዋጥ የሚያስቸግረው ወይም ዓይነ ምድሩ የጠቈረ ሰው የደሙን ስሌት ሳይጠብቅ ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ይላክ።