ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱን ማን ይቆጥራል?

ኮምፒውተራችሁን ከፈታችሁ። ኢንተርኔቱ አለ፤ የባንካችሁ ገጽ ግን አልከፈት አለ። «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። መስመሩን ከመውቀሳችሁ በፊት የስክሪኑን ታችኛ ጥግ እዩ። ቀኑ ከዓመታት በፊት ያለፈ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው።

አስተማማኝ የሚባል ድረ ገጽ ሁሉ የምስክር ወረቀት አለው፤ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግልም ተጽፎበታል። ኮምፒውተራችሁ ይህን ቀን የሚያመሳክረው ከራሱ ሰዓት ጋር ነው። የራሱ ሰዓት ዓመታት ወደ ኋላ ከቀረ ትክክለኛው ወረቀት ገና ያልጸና ይመስለዋል።

ታዲያ የሰዓት ስህተት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ስልካችሁን አጠገቡ አስቀምጡና አስተያዩ። ልዩነቱ ድፍን ሰዓት ነው? ጥቂት ደቂቃ ነው? ወይስ ዓመታት? በሽታውን የምትለዩት በዚሁ ነው።

ደቂቃው ልክ ሆኖ ሰዓቱ ብቻ ከተሳሳተ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ያለበትን አገር ነው ያላወቀው። ከአሜሪካ የመጣ ላፕቶፕ በፓሲፊክ ሰዓት ተሞልቶ ከሆነ ከእኛ 10 ወይም 11 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በዊንዶውስ የሰዓት ዞን ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ብትፈልጉ አታገኟትም። ናይሮቢን ምረጡ፤ ሰዓታችን አንድ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 2፡00 የሚል ማየት የሚወዱ ሰዎች ሰዓቱን በእጃቸው 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል። ይህን ባታደርጉ እመርጣለሁ። የምትጽፉት ፋይል ሁሉ ከእውነተኛው ጊዜ 6 ሰዓት ቀድሞ ይመዘገባል። ዓመቱንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሞላችሁት የባንኩ ገጽ ያው ይዘጋባችኋል። በሀገራችን ሰዓት ማየት ከፈለጋችሁ ሰዓቱን ሳትነኩ ዞኑን ብቻ ቦነስ አይረስ አድርጉት። አርጀንቲና ከእኛ ልክ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስክሪኑ ጠዋት 2፡00 ይላል፤ ኮምፒውተሩ በውስጡ የሚይዘው የዓለም ሰዓት ግን አይዛባም። ቀኑም እኩለ ሌሊት ላይ መለወጡ ቀርቶ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይለወጣል፤ ለእኛ ልማድ ይህ እንዲያውም ይቀርባል።

ልዩነቱ ጥቂት ደቂቃ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እስቲ የቡና ሲኒ አንሱና ጠርዙን በማንኪያ መታ አድርጉት። ደግማችሁ ምቱት። ያው ድምፅ ነው፤ ሲኒው የራሱ የሆነ ንዝረት አለው። በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ (ማዘርቦርድ) ላይም እንዲሁ የምትነዝር ከ1 ሴንቲሜትር የምታንስ የኳርትዝ ቁራጭ አለች። ኳርትዝ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ደግሞ ይንቀሳቀሳል። የመጀመሪያውን ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1880 ያገኙት ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክ እና ፒየር ኩሪ ናቸው።

ቁራጯ በሰከንድ 32,768 ጊዜ እንድትንዘር ተደርጋ ተቀርጻለች። የሰው ጆሮ ሊሰማ ከሚችለው በላይ ነው። ለምን ይህ ቁጥር? የስልካችሁን ካልኩሌተር ክፈቱና 32,768ን ለ2 አካፍሉ፤ ውጤቱን እንደገና ለ2፤ እንዲህ እያላችሁ 15 ጊዜ ቀጥሉ። የሚቀራችሁ 1 ነው። ሰዓቱም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ንዝረቱን 15 ጊዜ እየከፈለ አንዷን ሰከንድ ያወጣል። ለሁለት መክፈል ለኤሌክትሮኒክስ ከሁሉ የቀለለው ሥራ ስለሆነ በጣም ትንሽ ኃይል ይበቃዋል። የግድግዳና የእጅ ሰዓታችሁ ባትሪ ካለው በውስጡ ይህችው ቁራጭ አለች።

ፍጹም ግን አይደለችም። እንደ አሠራሯ በቀን አንድ ሁለት ሰከንድ ልትስት ትችላለች፤ ይህ በወር ወደ አንድ ደቂቃ ይጠጋል። የሚስማማት ሙቀት 25 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ሙቀቱ ሲጨምርም ሲቀንስም ትዘገያለች።

መድኃኒቱ ከኢንተርኔት መጠየቅ ነው። በቀንና ሰዓት ማስተካከያው ውስጥ ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል የሚያደርገውን ምርጫ አብሩት። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ እዚህ ያለው ብልሃት ነው። መልሱ እስኪደርስ መንገድ ላይ ጊዜ ይጠፋል፤ ስለዚህ «አሁን 4፡00 ነው» የሚለው መልእክት ሲደርስ 4፡00 አልፏል። አሜሪካዊው ዴቪድ ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ዘዴ ኮምፒውተሩ ጥያቄው የወጣበትንና መልሱ የገባበትን ቅጽበት ይመዘግባል፤ በመንገድ ያለፈውን ጊዜ ለሁለት ከፍሎ እኩሌታውን በመልሱ ላይ ይደምራል።

አሁን ወደ ዓመታቱ ስህተት እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ኮምፒውተር በተከፈተ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ከባለቤቱ ይጠይቅ ነበር። በ1984 የወጣው ተከታዩ ግን በባትሪ የሚሠራ ሰዓት ይዞ መጣ። ዛሬ በብዙ ማሽን ውስጥ የምታገኙት ክብ ጠፍጣፋ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው፤ መብራት ሲሄድ ቆጠራውን የሚያስቀጥለው እሱ ነው፤ እሱ ሲያልቅ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል።

የጠረጴዛ ኮምፒውተር ካላችሁ ማታ አጥፉትና ገመዱን ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ጠዋት ኢንተርኔት ሳታገናኙ ክፈቱት። ሰዓቱ ከስልካችሁ ጋር ከተስማማ ባትሪው ደህና ነው። ወደ ኋላ ከቀረ ወይም ዓመቱ ከተለወጠ አልቋል። ከሶኬቱ ሳይነቀል የሚያድር ማሽን ባትሪውን ብዙ አይነካም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር፣ ማከፋፈያውን በየማታው በምታጠፉበት ቤትም ግን ባትሪው ቶሎ ያልቃል።

ስትገዙ ሲአር 2032 በሉ። 20 ስፋቱ በሚሊሜትር ነው፤ 32 ደግሞ ውፍረቱ፣ ማለትም 3.2 ሚሊሜትር። 2025 የሚለው ያው 3 ቮልት ቢሆንም ቀጭን ስለሆነ አጥብቆ አይቀመጥም። ገመዱን ነቅላችሁ፣ ሽፋኑን ከፍታችሁ፣ የባትሪውን የጎን መያዣ በትንሽ ካቻቪቴ ገፋ አድርጋችሁ አሮጌውን አውጡ፤ አዲሱን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ አስገቡ። ከዚያ ሰዓቱን አንድ ጊዜ ሙሉ። ላፕቶፕ ከሆነ ግን ለባለሙያ ስጡት፤ ባትሪው ብዙ ጊዜ በሽቦ የተያያዘ ነው።

አሮጌውን ባትሪ ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ እንዳትሄዱ። ሕፃን ከዋጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፤ ተዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ ልጁን ወዲያውኑ ሆስፒታል ውሰዱት።