የግል መርማሪ ከመቅጠር በፊት ሊጤኑ የሚገባቸው ጉዳዮች

አንድ ድርጅት ንብረቱ ሲጎድልበት ወይም የውስጥ ምስጢሩ ሲወጣበት፣ አንድ ግለሰብ ደግሞ ተበዳሪው አድራሻውን አጥፍቶ ሲሰወርበት እውነቱን የሚያጣራለት ባለሙያ መፈለጉ የተለመደ ነው። በበርካታ አገሮች ይህን ሥራ በክፍያ የሚያከናውኑ ባለሙያዎች የግል መርማሪዎች በመባል ይታወቃሉ። ሙያው ረጅም ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ቪዶክ እ.ኤ.አ በ1833 በፓሪስ የከፈተው ቢሮ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እንደሆነ ይነገራል። በአሜሪካም አለን ፒንከርተን በ1850ዎቹ መጀመሪያ በቺካጎ ያቋቋመው ድርጅት በስፋት ይታወቃል።

የግል መርማሪ ፖሊስ አይደለም። ቤት የመፈተሽ፣ ተጠርጣሪን አስሮ የማቆየት ወይም ባንክና የስልክ ድርጅት የደንበኞቻቸውን መረጃ እንዲሰጡት የማዘዝ ሥልጣን የለውም። በሕግ አግባብ ሊያከናውን የሚችለው ለሕዝብ ክፍት የሆኑ የፍርድ ቤት፣ የንግድና የንብረት መዛግብትን መመርመር፣ ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎችን ማነጋገር፣ በአደባባይ የሚታየውን መከታተልና ያገኘውን በጽሑፍ ማቅረብ ነው። በመሆኑም የመርማሪው ታማኝነት በዋነኛነት የሚለካው ምን ያህል ምስጢር ማውጣት በመቻሉ ሳይሆን መረጃውን በሚያገኝበት መንገድ ነው።

ይህ ልዩነት ያለው ክብደት በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ላይ በደረሰው ሁኔታ በግልጽ ታይቷል። ይህ የአሜሪካ የኮምፒውተር አምራች ኩባንያ የዳይሬክተሮች ቦርዱ ውይይት ለጋዜጠኞች እየወጣ በማስቸገሩ፣ እ.ኤ.አ በ2005 እና በ2006 ምንጩን የሚያጣሩ መርማሪዎችን ከውጭ አሰማርቶ ነበር። ሥራው ከኩባንያው ወደ አንድ የምርመራ ድርጅት፣ ከዚያ ወደ ሌላ ድርጅት፣ በመጨረሻም ወደ አንድ ግለሰብ ተላለፈ። በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ የነበሩትም የቦርድ አባላትንና ጋዜጠኞችን መስለው ወደ ስልክ ኩባንያዎች በመቅረብ የጥሪ ዝርዝራቸውን ወሰዱ። የግል የስልክ መረጃቸው ከተደፈረባቸው መካከል ዘጠኝ ጋዜጠኞች ይገኙበታል።

ድርጊቱ እ.ኤ.አ በመስከረም 2006 ይፋ ሲሆን የቦርዱ ሊቀ መንበር ፓትሪሺያ ደን ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። መረጃው በሕጋዊ መንገድ የተገኘ እንደመሰላቸውም ለኮንግረሱ አስረድተዋል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በእርሳቸው፣ በአንድ የኩባንያው የሕግ ባለሙያና በሦስት መርማሪዎች ላይ የወንጀል ክስ የመሠረተ ሲሆን፣ በሊቀ መንበሯ ላይ የቀረበው ክስ በመጋቢት 2007 ተነሥቷል። ኩባንያው በበኩሉ የቀረበበትን የፍትሐ ብሔር ክስ ለመቋጨት 14.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በጥር 2007 ደግሞ የስልክ መረጃን በማታለል መውሰድን እስከ 10 ዓመት እሥራት የሚያስቀጣ የፌዴራል ሕግ ጸድቋል።

ከዚህ እንደሚታየው፣ ሥራው በንዑስ ተቋራጮች በኩል ሲተላለፍ የአሠሪው ተጠያቂነት አብሮ አይተላለፍም። «ሕጋዊ ነው» የሚለው የቃል ማረጋገጫም ብቻውን መተማመኛ ሊሆን አይችልም።

የጉዳቱ መጠን ከገንዘብና ከስም መጥፋት አልፎ የሰው ሕይወት እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ በ1989 አሜሪካዊቷ ተዋናይት ርብቃ ሼፈር በሎስ አንጀለስ በር ላይ በጥይት ተገድላለች። ገዳዩ የመኖሪያ አድራሻዋን ያገኘው በከፈለው የግል መርማሪ አማካይነት ሲሆን፣ መረጃው የወጣው ከካሊፎርኒያ የተሽከርካሪና የመንጃ ፈቃድ መዝገብ ነበር። ይህ ግድያ ኮንግረሱ በ1994 የመንጃ ፈቃድ መረጃን የሚጠብቅ ሕግ እንዲያወጣ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው። በ1999 በኒው ሃምፕሻየር አንዲት ወጣት የሥራ ቦታዋን ከመረጃ ሻጮች በገዛ ሰው ከተገደለች በኋላም፣ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 መርማሪዎችና መረጃ ሻጮች መረጃው ለሚመለከተው ሦስተኛ ወገን ጭምር ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ እንዳለባቸው ወስኗል። ስለዚህ ደንበኛውን «ሰውየውን የምትፈልገው ለምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ መርማሪ እንደ አስቸጋሪ ሊታይ አይገባም። ይልቁንም ምንም ሳይጠይቅ ገንዘብ የሚቀበለው ነው ሊያጠራጥር የሚገባው።

መርማሪን ለመምረጥ በመጀመሪያ የሙያ ፈቃዱን ማጣራት ያስፈልጋል። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ፈቃድ ለማግኘት የጣት አሻራ ምርመራ ማለፍ፣ የጽሑፍ ፈተና መውሰድና በመደበኛው መስፈርት የ6 ሺህ ሰዓት የምርመራ ሥራ ልምድ ማስመስከር ይጠይቃል። ፈቃዱ የጸና መሆኑንም ማንኛውም ሰው ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ይችላል። የወረቀቱን ቅጂ ተቀብሎ ከማመን ይልቅ ቁጥሩን ራስ ማጣራት ይመረጣል። ይሁን እንጂ የፈቃድ ሥርዓት በሁሉም ስፍራ አንድ ዓይነት አይደለም። በብሪታኒያ እ.ኤ.አ በ2001 የወጣው ሕግ የግል መርማሪዎች ፈቃድ እንዲያወጡ መንገድ ቢከፍትም፣ አንድ መርማሪ ለጋዜጣ የስልክ መልእክት በመጥለፍ በ2007 በታሰረበት ጊዜ ፈቃድ መስጠቱ ገና አልተጀመረም ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ የቀድሞ ደንበኞችን፣ በተለይም ከመርማሪው ጋር የሠሩ ጠበቆችን መጠየቅ ይበጃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሥራው የሚከናወንበት ቦታ ሕግ ነው። በኒው ዮርክ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ከፈቀደ ንግግርን መቅዳት የሚቻል ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ ግን ምስጢራዊ ንግግርን ለመቅዳት የሁሉም ተነጋጋሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን ልዩነት ሊያስረዳ የማይችል መርማሪ የሚያመጣው ማስረጃ በፍርድ ቤት ዋጋ ከማጣት አልፎ አሠሪውን በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል።

ሦስተኛው የጽሑፍ ውል ነው። ውሉ የሚጣራውን ጭብጥ፣ መርማሪው የሚጠቀምባቸውን ዘዴዎች፣ የክፍያውን ስሌት፣ የሪፖርቱን ጊዜና የምስጢር አጠባበቁን በግልጽ ሊያሰፍር ይገባል። ያለ አሠሪው የጽሑፍ ፈቃድ ሥራው ለሌላ እንዳይተላለፍ፣ እያንዳንዱ መረጃ የተገኘበት ምንጭና መንገድም በሪፖርቱ እንዲገለጽ መስማማት ተገቢ ነው። ክፍያው በተገኘው ውጤት ላይ ብቻ እንዲመሠረት ማድረግ መርማሪውን ወደ አቋራጭ መንገድ ሊገፋው ስለሚችል፣ በተሠራው ሰዓትና በተረጋገጠ ወጪ ልክ መክፈል የተሻለ ነው።

የሰውን የባንክ ሒሳብ፣ የጥሪ ዝርዝር ወይም የኤሌክትሮኒክ መልእክት «አመጣለሁ» የሚል፣ ውጤቱን አስቀድሞ የሚያረጋግጥ፣ የመረጃ ምንጩን ለአሠሪው ጭምር የሚደብቅና ያለ ደረሰኝ ክፍያ የሚጠይቅ መርማሪ ከጅምሩ ሊታለፍ ይገባል። በአንጻሩ ሕግ የማይፈቅደውን ሲጠየቅ «ይህን አልሠራም» የሚል መርማሪ አመኔታ ሊጣልበት ይችላል።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጉዳዩ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በአሜሪካ በ1892 የፒንከርተን ሰዎች በሆምስቴድ የብረት ፋብሪካ ከአድማ መቺ ሠራተኞች ጋር ባደረጉት ግጭት ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ ኮንግረሱ በማግሥቱ ዓመት የድርጅቱንና የመሰሎቹን ሠራተኞች የፌዴራሉ መንግሥት እንዳይቀጥር በሕግ ከልክሏል።

በኢትዮጵያ የወንጀል ምርመራ በሕግ ሥልጣን ለተሰጣቸው አካላት የተተወ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው የግል ሕይወት፣ በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚያደርገው ግንኙነት ጭምር እንዳይደፈር ጥበቃ ተደርጎለታል። በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃን የሚሰበስቡና የሚጠቀሙ ሁሉ የሚመሩበትን ሥርዓት ደንግጓል። በመሆኑም ወንጀል ተፈጽሟል ብሎ የሚጠረጥር ኃላፊ ጉዳዩን ለፖሊስ ማቅረብ ይኖርበታል። በውጭ አገር የተሰጠ የትምህርት ማስረጃን ወይም የአንድን አቅራቢ ድርጅት ሕልውና ለማጣራትም በቅድሚያ የትምህርት ተቋሙን ሬጅስትራርና የአገሩን የንግድ መዝገብ በይፋ ደብዳቤ መጠየቅ ይቀድማል። በእነዚህ መንገዶች የሚገኘው መልስ በቂ ካልሆነና በዚያው አገር መርማሪ መቅጠር የግድ ከሆነ፣ የመሥሪያ ቤቱ የሕግ ክፍል ውሉን ከመፈረሙ በፊት እንዲያየው ማድረግ፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ኋላ ከሚመጣ ተጠያቂነት ይታደጋል።